የማይታየው ሳጥን

ከነቀምት ወደ ቢላ በሚሄደው አውቶቡስ፣ ከፊቴ ባለው ወንበር እንደ እኔው የተሳፈሩ አንድ ጎልማሳ ሾፌርና ሩሲያ ተምሮ የመጣ ወጣት ተቀምጠዋል። ሾፌሩ የወጣቱን የኪስ ጌም ተቀብለው፣ በትንሿ መስታወት ላይ መኪና ይነዳሉ።

“አልነካሁትም!”

“ነክተውታል፣ ኦቦ። ጨዋታው አለቀ።”

“በሁለቱ መኪኖች መሀል እጅ ያስገባል እኮ! አታይም?”

“ማሽኑ መኪናን እንደ ሳጥን ነው የሚቆጥረው። የተነካካው ሳጥን ከሳጥን ነው።”

“ሳጥኑ የታለ?”

“አይታይም።”

“በማይታይ ሳጥን ገጭተሃል እባላለሁ?”

“አሠራሩ እንደዚያ ነው።”

“አንድ የፓርቲ ጓድም እንዲሁ አደረገኝ! በእሱና በእኔ መኪና መሀል አህያ ከነጭነቱ ያልፍ ነበር። ገጨኸኝ ብሎ መንጃ ፈቃዴን አስነጠቀኝ። ሃያ ዓመት ስነዳ ዶሮ እንኳ አልገጨሁም! አሁንም የምሄደው አቤት ልል ነው።”

“የጓድ መኪና ሲሆን ሳጥኑ ሰፋ ይላል፣ ኦቦ።”

“ቀስ ብለህ አውራ! ከኋላችን ሰው አለ።”

ወንበራቸውን ነክቶ የነበረውን ጉልበቴን ቀስ ብዬ ሰበሰብኩ።