የዝምተኛው ሐሳብ

ሊፍቱ ባይበላሽ ኖሮ አጎትና የእህቱ ልጅ ባልተገናኙ ነበር። እሱ የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጻፍበት አንድ ቋንቋ የፈጠረ አንጋፋ መሐንዲስ ነው፤ እሷ በዚያው ሕንፃ ሌላ ፎቅ ላይ፣ በተመሳሳይ ሥራ የተሰማራች የተማረች ወጣት። ደረጃው ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ አገኘችው።

«ጋሼ፣ ምነው በደህና?»

«ምን ደህና አለ ልጄ። ያ ዝምተኛው ባልደረባዬ ዛሬ ጥሎኝ ሄደ። ቋንቋውን ስንጀምር እኔና እሱ ብቻ ነበርን። የቀሩት የቡድናችን ሰዎችም ሊከተሉት ነው።»

«በምን ተጣላችሁ?»

«በፕሮግራም ውስጥ ለአንድ ነገር ስም አውጥቶ ውስጡን ባዶ መተው ይፈቀድ አልኩ፤ እሱ አይፈቀድም አለ። እንደ ልማዳችን ተከራከርንና ረታሁት።»

ልማዳቸው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለትልቅ ሰው የሚያሳፍር ነበር። ሌላው እስኪታክተው የለፈለፈ ይረታል፤ የሚመዘነው ጉሮሮ እንጂ ሐሳብ አልነበረም።

«የእሳቸው ምክንያት ምን ነበር?»

አጎት ምክንያቱን አያውቀውም። ያን ሁሉ ዘመን ሲከራከር አላዳመጠም ነበር።

«እኛ ዘንድ» አለች በትሕትና፣ «የተቃዋሚውን ሐሳብ፣ ባለቤቱ ‹አዎ፣ የኔ ነው› እስኪል ድረስ መልሶ ያልተናገረ ሰው ድምፅ አይሰጥም። ከዚያ ነገሩ ይሞከራል፤ የተመረጡት በድምፅ ይወስናሉ፤ የተወሰነም በየስብሰባው አይነሣም።»

«ቋንቋ በኮሚቴ አይወለድም።»

«መወለዱንስ አይወለድም፤ ያለ ሰው ግን አያድግም፣ ጋሼ።»

አጎት ዝምተኛው ሲከራከር የሚለውን ለማስታወስ ሞከረ። «‹የሚቀጥለው ሰው…› ይል ነበር» አለ። «አንድም ቀን አላስጨረስኩትም።» የቀረውን ራሱ አስቦ ጨረሰው፤ ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ለዝምተኛው ደወለ።

«ወንድሜ፣ ልክ ካልሆንኩ አርመኝ። ባዶው ስም፣ ባዶ አድርጎ የተወውን ሰው አይጎዳም፤ ጉዳቱ ከዓመታት በኋላ፣ ሙሉ መስሎት በሚነካው፣ በሚቀጥለው ሰው ላይ ነው።»

ዝምተኛው መለሰ፦ «አዎ፣ የኔ ነው።»

«እንግዲያው ተመለስ።»

«ሐሳቤ ይመለስ። እኔ ግን ደክሞኛል።» ስልኩ ተዘጋ።

«የኔ ነገር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ» አለ አጎት።

አዲሱ ሥርዓት በማግስቱ በአጎት ቡድን ጸደቀ፤ ባዶው ስምም ተከለከለ። ጥቅሙ ብዙ ነው፦ አንደበት የሌለውም ይደመጣል፤ ክርክር ማለቂያ አገኘ፤ ከቀሩት መካከል ተቀይሞ የሄደ የለም። አንባቢ ሆይ፣ ባልንጀራህ ሳይሄድብህ እንዲህ አድርግ። አጎት እስከ ዛሬ የተቃዋሚን ሐሳብ መልሶ ተናግሮ ሲጨርስ፣ ማረጋገጫውን የሚጠብቀው በመስኮቱ አጠገብ ወዳለው የዝምተኛው ባዶ ወንበር ዞሮ ነው።