ፀሐይ የሚጋርድ አስቀድሞ ይጠይቅ

ፊደል ያልቆጠረ ሽማግሌ እንደ አጥር ቋሚ ነው፤ ሁሉ ይደገፈዋል፣ ማንም አይጠይቀውም። ጉርድ ሾላ ያረጁትን እማማ ሲቲን ያንገበገባቸውም ይኸው ነው። ጎረቤት ስምንት ፎቅ ሲያቆም «ፀሐይዎን ልጋርድ ነውና ምን ይላሉ?» ያላቸው የለም። ግቢያቸው ጨለመ፤ የተሰጣው በርበሬም ሻገተ።

አንድ ቀን በርበሬውን በሰፌድ ይዘው ፀሐይ ፍለጋ አስፋልት ዳር ሲወጡ፣ የልጅ ልጃቸው ሀጀር ከቦሌ ታክሲ ዱብ አለች።

«እማ፣ ተቀበሉኝ! ነገ ጥናቱን እጀምራለሁ፤ ዱዓ ያድርጉልኝ!»

«የምን ጥናት?»

«ሰማይ ላይ ደቃቅ ብናኝ ቢረጭ፣ ከፀሐዩ ጥቂቱን መልሶ ምድርን ያቀዘቅዛል ይባላል። እኛ ሳንረጭ በኮምፒውተር እንፈትሻለን።»

«አላህ የሰቀላትን ፀሐይ ልታደበዝዙ? አስተግፊሩላህ! ወሎ ዝናብ ሲጠፋ ልጄን በነጠላዬ ከፍኜ የቀበርኩ እኔ ነኝ። ከሰማይ ጋር ጨዋታ አላውቅም። ዱዓ የለም!»

ያለ አያቷ ዱዓ ሀጀር ከደጅ አትወጣም። ቢሆንም አልተቆጣችም፤ የተማረ ሁሉ እንዲህ ቢሆን ምን ነበረበት!

«እውነትዎን ነው እማ፣ ያስፈራል። ሙቀቱ ቢቀንስም ዝናቡ ሊዛባ ይችላል። ጭስ መቀነሱንም አይተካም።»

«ታዲያ ምን ጥልቅ አደረገሽ?»

«ባለፎቁ ጥላውን ሲጥል ጠየቀዎት?»

«ማን እኔን ይጠይቃል!»

«ነገስ አንዱ ሀብታም አገር በወሎ ሰማይ ላይ ጥላ ልጣል ቢል? ዝናባችን ወዴት እንደሚሄድ ካላወቅን በምን አፋችን እንከራከራለን? ቢበጅ እሺ፣ ቢጎዳ እንቢ የምንለው ስናውቅ ነው።»

እማማ ሲቲ ሰፌዱን መሬት አስቀመጡ። ፎቁን ቀና ብለው አዩት።

«አንቺ! ይህን ከመጀመሪያው አትናገሪም? ያኔ አንድ የተማረ ሰው ቢኖረኝ፣ ጥላው የት እንደሚወድቅ ቀድሞ ይለካልኝ አልነበር!»

«እንዴታ!»

አዎን፣ ሳይመረምሩ ከመርገም መርምሮ መፍረድ ይሻላል። ያወቀ ሕዝብ ድርቁ ሳይደርስ መላ ይመታል፤ በገዛ ሰማዩም ላይ ቃል ይኖረዋል።

አሮጊቷ እዚያው አስፋልት ዳር፣ ተሳፋሪ በሚጠብቀው ታክሲ ፊት እጃቸውን ዘረጉ። «ያ አላህ፣ ዓይኗን አብራላት! አሚን በሉ እንጂ፣ ምን ይገትራችኋል?»

«አሚን፣ እማማ!» አለ የታክሲው ረዳት በሩ ላይ ተንጠልጥሎ።

ከዚያ የሀጀርን ክንድ ጨመደዱ። «ለአለቃሽ ንገሪው። ከኮምፒውተሩ ሲመለስ ወሎ ወርዶ በሬ የጠመደውን ይጠይቅ። ቀጥሎ እዚህ መጥቶ እኔን ይጠይቀኝ። የሚመጣበትን ቀን ነገ ይዘሽልኝ ካልመጣሽ፣ ዱዓዬን መልሺልኝ!»