ፔቾራ በስንዝር

መምህር ታምራት ነው ያዋረደኝ። ለትምህርት ቤቱ ኤግዚቢሽን ከዱቄት ወተት ጣሳ የሠራኋትን ፔቾራ ሚሳይል ገና ሲያያት፣ «አቦ እማማ ፋጡማ፣ ያለ ልኬት የተሠራ መጫወቻ እዚህ አይገባም» ብሎ ከበር መለሰኝ።

«አንተ ልጅ፣ እኔኮ ዋናውን ሚሳይል ጦር ካምፕ ውስጥ ስንት ዓመት ቀለም የቀባሁ ሴት ነኝ! ቁመቱ ሃያ ሰባት ስንዝሬ ነው። ለእያንዳንዱ ስንዝር የአንድ ጣት ውፍረት ሰጠኋት፤ ከፈለግክ ለካ!» አልኩት።

ማስመሪያ አውጥቶ ለካ፤ ስልኩ ላይ ካገኘው ከዋናው ልክ ጋር እያካፈለ አመሳከረ። ክንፏ እንኳ አልተዛነፈም! «ይቅርታ እማማ፣ ያስገቧት» አለኝ።

«ዛሬማ መልሰኸኛል። ነገ ቤቴ ድረስ መጥተህ ትወስዳታለህ» ብዬው ሄድኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሚሳይሌን አሸክሜው፣ እኔ ከፊት እየመራሁ በቀፊራ ገበያ መሀል አለፍኩ።