የስቅለት ዕለት የተበጠሰው ሽቦ

ፀሐዩን ታግሣችሁ እዚህ መቃብር ዙሪያ የቆማችሁ ወገኖቼ ሆይ፥ እኔ የአቶ ደስታው ሙላው ታናሽ ወንድም ፍስሐ ነኝ። የሕይወት ታሪካቸውን ሌላ ሰው ያንብብልኝ ብዬ ነበር፤ ነገር ግን በሕይወታቸው ውስጥ ከእኔ በቀር ከቤተሰባችን ማንም የማያውቀው ነገር ስላለ ራሴ ማንበብ ግድ ሆነብኝ።

አቶ ደስታው ከባቡር ሠራተኛው ከአቶ ሙላውና ከወይዘሮ የምስራች በ1949 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ ተወለዱ። ፊደል በቄስ ትምህርት ቤት ቆጥረው፥ የብየዳ ሙያም በምድር ባቡሩ ጋራዥ ቀስመው፥ በሃያ ሁለት ዓመታቸው ወደ ጅቡቲ ባቡር ጣቢያ ተዛወሩና የባሕሩ ጨው የበላውን ብረት ሲጠግኑ ኖሩ። በዚህ ከተማ ከሰው ቀድሞ የሚያረጀው ብረት ነው እያሉ ይቀልዱ ነበር። በፈረንጅ ቤት ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩትን ወይዘሮ ኤሌኒን በተክሊል አግብተው ትርሲትንና አለምሰገድን ወለዱ፤ የዚያን ቤት የመስኮት ፍርግርግ ሦስት ጊዜ የበየዱት ኤሌኒን ለማየት እንደ ነበር ያልሰማ ካለ ዛሬ ይስማ።

ከዚህ ወዲያ የምጠራው ዘመን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ በ1998 ፉርጎ ሥር ሆነው ሲሠሩ የወደቀ ብረት ጀርባቸውን መታቸው። አጥንቱ ቢጠገንም ነርቩ ተጎድቶ ስለ ቀረ ግራ እግራቸው እየነደደ ዐሥራ አንድ ዓመት እንቅልፍ ነሣቸው። በ2009 የቀድሞ አለቃቸው ረድተዋቸው ወደ ፈረንሳይ ተሻገሩ፤ ሐኪሞችም በአከርካሪያቸው ውስጥ ነርቭን በኤሌክትሪክ የሚያነቃቃ ቀጭን ሽቦ፥ ከወገባቸው በላይ ደግሞ ከቆዳ ሥር የክብሪት ቀፎ የምታህል ባትሪ አኖሩላቸው። የብረት ሰው ናቸውና የሰው ደምም ጨው አለውና ይህ ነገር አይዝግም ወይ ብለው ሐኪሙን አስጨነቁት። ሐኪሙም ጫፉ ፕላቲኒየም ስለ ሆነ ዝገት እንደማይነካው፥ ሽቦው ግን ደጋግሞ መታጠፍን እንደማይችል፥ ስለዚህ ጎንበስ ቀና ማብዛት ክልክል መሆኑን ነገራቸው።

ከዚያ ወዲያ ሕመሙ ረገበላቸው። ወደ ጅቡቲ ተመልሰው ፔካ 12 በሚባለው ሰፈር የመኪና ተሳቢ እየጠገኑ ሙያቸውን ለወጣቶች አስተማሩ፤ ትርሲትንም ዳሩ፥ በሠርጓ ላይም እስክስታ ወረዱ፤ ጎረቤታችን ሐዲጃም እልል አለችላቸው። የንስሐ አባታቸው ከስግደት ነጻ ስላደረጓቸው በቤተ ክርስቲያን ቆመው ብቻ ይጸልዩ ነበር።

በ2016 የስቅለት ዕለት ሁላችን ስንሰግድ ግንቡን ተደግፈው ቆመው አየኋቸውና፥ ምላሴን ይቁረጠው፥ ብረቱ ከፈጣሪ በልጦባቸው እንደ ሆነ በሰው ፊት ጠየቅኋቸው። ነጠላቸውን አደግድገው ወደ ፊት ወጡና እስከ ሠርክ ሰገዱ፤ እኔም፥ ልቦና ቢሱ፥ ደስ አለኝ።

በማግሥቱ እግራቸው መንደድ ጀመረ፤ ራጅ ሲነሡም ሽቦው ተበጥሶ ተገኘ። ምን እንዳደረጉ ሲጠየቁ ከባድ ብረት አንሥቼ ነው አሉ። ወይዘሮ ኤሌኒም በሴቶቹ በኩል ስለ ነበሩ ስግደቱን አላዩምና ይህንኑ አምነው እንደ ልጅ አይታዘዙም እያሉ ለወራት ተቆጧቸው። እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ እሰማ ነበር፤ ትንፍሽ አላልኩም፤ እሳቸውም እንዳያጋልጡኝ ፊታቸውን ወደ እኔ አያዞሩም ነበር።

የፈረንሳይ ቪዛው እስኪገኝ ወራት አለፉ። በ2017 መጀመሪያ ሽቦው ተቀየረ፤ ሆኖም ከተመለሱ በኋላ ባትሪው ያለበት ቁስል አመርቅዞ መግሉ ወደ ደማቸው ስለ ገባ፥ ዕቃው ሁሉ ቢወጣም ሊድኑ አልቻሉምና ባለፈው ማክሰኞ በስድሳ ዓመታቸው ዐረፉ።

አቶ ደስታው ባለቤታቸውን ወይዘሮ ኤሌኒን፥ ልጆቻቸውን ትርሲትንና አለምሰገድን፥ አንዲት የልጅ ልጅ፥ ምላሱን ያልገታ አንድ ወንድምም ትተው አልፈዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ አባቶች ጋር ያሳርፍልን፤ ለእናንተም መጽናናቱን ይስጥልን። እትዬ ኤሌኒ፥ እሳቸው ያነሡት ብረት የለም። ይቅርታቸውን ለመለመን ዓመት ሙሉ ጊዜ ነበረኝ፤ አልለመንኋቸውም፤ እባክዎ፥ እርስዎ በእሳቸው ፈንታ ይስሙኝ።