መፍቻዎቹ ያረፉበት ቀን

— ሄሎ? … አዎ፣ የላሃን የመኪና ጥገና ማሠልጠኛ ነው። መምህር ራምፕሪት ነኝ። … ውይ፣ ፈታኛችን! አቶ ሪጃል! እንዴት አደሩ ጌታዬ? ከካትማንዱ በሰላም ወጡ? … የት ቆማችሁ? ካማላ ድልድይ? … መኪናዋ አልነሳም አለች? እሰይ! … አይ፣ አይ! “እሰይ” ያልኩት ልጆቹን ነው። ለእርስዎማ በጣም አዝናለሁ።

(ዝም በሉ እናንተ! ፈታኙ ናቸው! ፉልማቲ፣ ጣፋጩን አስቀምጪና ነይ!)

— ሄሎ፣ ይሰሙኛል? እውነቱን ልንገርዎ፣ ዛሬ ባይመጡ ይሻላል። … እንዴት ለምን ይሉኛል፣ የቢሽዋካርማ ቀን ነው እኮ! … አዎ! የሥራ ዕቃ ሁሉ የሚመለክበት። ጠዋት መፍቻዎቹን አጥበን፣ ቀይ ዱቄት ቀብተን፣ አበባ አንጠልጥለንላቸው አርፈዋል። ዛሬ እነሱን የሚነካ ማን ደፋር አለ? … የፈተናውን ቀን ማን ቆረጠው? … እ … ቀኑንማ … እኔ ነኝ። … አዎ፣ ፊርማው የኔው ነው። … ምን ላድርግ፣ በዓሉን ሳስብ የሚታየኝ ጣፋጩ ነው፣ ቀኑን መች አየሁት!

— ለነገ ያድርጉልን። … ማታውኑ ይመለሳሉ? እና መቼ? … የሚመጣው ዓመት?! … ኧረ በሞቴ አቶ ሪጃል! ስድስት ልጆች ናቸው! ፉልማቲ የምትባለውን የአውቶቡስ ጋራዥ ነገ የምስክር ወረቀትሽን ይዘሽ ቅረቢ ብሏታል። ባዶ እጇን ቤት ከገባች አማቷ “በቃ፣ ወደ ጎሾችሽ” ብለዋታል። በኔ ጥፋት ዓመት ሙሉ ጎሽ ስታልብ ትክረም?

(አታልቅሺ አንቺ ደግሞ! ገና ምን ተባለና!)

— ሾፌሩስ? … እሱም ዕቃ አልነካም አለ? ጎበዝ! … ማለቴ … ጎበዝ እንኳ አይደለም። ግን ዛሬ መካኒክ አያገኙም፣ ጋራዡ ሁሉ ዝግ ነው። እስቲ ምን ድምፅ ታሰማለች? … ምንም? ሻይ ጠጥታችሁ ስትመለሱ ጭጭ? ነዳጅ ነው! በቃ፣ ነዳጅ አልቋል።

(ምን? … አይደለም? ቆይ፣ መምህሩ ማን ነው እዚህ ቤት?)

— መብራቷ ይበራል ወይ ትላለች ፉልማቲ። … አይበራም።

(አይበራም። … እህ … እህ …)

— የባትሪው ገመድ ላልቶ ነው ትላለች። እኔም እሱን ልል ነበር። ኮፈኑን ይክፈቱ። … በመፍቻ ማን አለዎት? በእጅዎ! እጅ አላረፈም ዛሬ። … ነጭ ሸሚዝ? እጅጌውን ይሰብስቡት። … አገኙት? ይወዛወዛል? … ከሲጋራ ፓኬት ውስጥ ብልጭልጩን ወረቀት ያውጡና አጥፈው መሐሉ ይሰኩት፣ ከዚያ ገመዱን ወደ ታች ጫን ያድርጉት ትላለች። … እርስዎ አያጨሱም፣ ሾፌሩ ያጨሳል። … ይፈትሹታ ኪሱን!

— … ገባ? አሁን ያስነሷት። … ሰማሁ! ሰማሁ!

(ተነሣች! ኧረ ጆሮዬን! ቀስ በሉ!)

— ምን አሉኝ? … የተግባር ፈተናዋ ይሁንላት? አለፈች?!

(ፉልማቲ፣ አልፈሻል! … አሁን ደግሞ ለምን ታለቅሻለሽ?)

— ቆይ ቆይ፣ አይዝጉት! አምስቱስ? … ዕቃ እንደማይነኩ ነገርኩዎት። … እሺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። መኪናዋ የመንግሥት ናት አይደል? … በሩ በደንብ ይዘጋል? … በገመድ ታስሮ? እሰይ! … አሁንስ ለእርስዎ ነው ያልኩት! ክላክሷስ? … አትጮህም! ዝናብ መጥረጊያዋ? … እሱም! መስኮቱ? … ወርዶ ቀረ! ለአንድ ልጅ አንድ ብልሽት፣ እንደ ፉልማቲ ያለ መፍቻ መፍትሔውን ይንገሩዎት! አራት ሞላልን። አንድ ብቻ ቀረን፣ እስቲ ያስቡ፣ አያጡም። … … ፍሬኑ?!

— … አቶ ሪጃል። በቀስታ ይምጡ። በጣም በቀስታ። … እሺ ጌታዬ። እሺ። እንጠብቅዎታለን።

(ልጆች፣ እጃችሁን ታጠቡ፣ ፈታኙ ፈተናውን ይዘውልን እየመጡ ነው! በሩን ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ፣ ድንጋዩንም ከመንገድ አንሱ፣ መቆም ላይችሉ ይችላሉ። ፉልማቲ፣ እንኪ ስልኩን። ለአማትሽ ደውዪና ከነገ ጀምሮ ጎሾቹን ራስዎ ይለቡ በያቸው።)