በባሕሩ ድልድይ ላይ ፎቶግራፍ ሲያነሡ የኖሩት የአቶ ስታመን ዴኔቭ ዜና ሕይወት

አቶ ስታመን ዴኔቭ ከጨው ሠራተኛው አባታቸው ከአቶ ቫልቾ ዴኔቭና ከእናታቸው ከወይዘሮ ካሊና በ1948 እ.ኤ.አ. በቡርጋስ ከተማ ተወለዱ። ትምህርታቸውን በዚሁ ከተማ አጠናቀው በወደቡ በክሬን ነጂነት ተቀጥረው ሠላሳ አንድ ዓመት በቅንነት አገልግለዋል። ፎቶግራፍን ግን ያስተማራቸው የለም፤ ከአጎታቸው በወረሱት አሮጌ ካሜራ ፊልም እያበላሹ በራሳቸው ተማሩት እንጂ።

በ1973 ከወይዘሮ ዶንካ ጋር ጋብቻ መሥርተው ልጃቸውን ራሊትሳን አፍርተዋል።

አቶ ስታመን ከሥራ መልስ ዘወትር ከዳርቻው ወደ ባሕሩ ውስጥ ወደሚዘልቀው ድልድይ ይወርዱ ነበር። የካሜራውን ማቆሚያ በድንጋይ ከረጢት አስረግጠው፣ በሌንሱ ላይ ጥቁር መስታወት ገጥመው፣ የካሜራውን ዓይን አራትና አምስት ደቂቃ ከፍተው ሲጠብቁ፣ ማዕበሉ እንደ እርጎ ይረጋል፤ የሚመላለሰውም ሕዝብ ሁሉ ከፎቶግራፉ ይጠፋል፤ ዝም ብሎ የቆመ ሰው ብቻ ይቀራል። እርሳቸው የሚወዱት ባዶውን ድልድይ ነበርና፣ የቆመ ሰው ሲያዩ ቁጣቸው አይጣል ነው። ከዚህ ከተሰበሰብነው መካከል «ተንቀሳቀስ እንጂ፣ ሐውልት ነህ እንዴ?» ያልተባለ ዓሣ አጥማጅ መኖሩን እንጃ።

ወይዘሮ ዶንካም ባኒትሳ የሚባለውን የአይብ ቂጣቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ይመጡና፣ ፎቶግራፉን እንዳያበላሹ፣ ባለቤታቸው እስኪጨርሱ ድረስ በድልድዩ ላይ ወዲያና ወዲህ ይሉ ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት እንዲሁ ሲመላለሱ ኖሩ።

በ2009 መጋቢት ወር ወይዘሮ ዶንካ በልብ ሕመም ባረፉ ጊዜ፣ በበሩ ላይ ለሚለጠፈው የሐዘን ማስታወቂያ ፎቶግራፍ ተፈለገ። በሺህ የሚቆጠር ፎቶግራፍ ባለበት ቤት፣ የመታወቂያ ወረቀታቸው ላይ ካለችው በቀር የእርሳቸው አልተገኘም። አቶ ስታመን ሳጥኑን ሁሉ ሲገለብጡ ሰንብተው፣ «በሁሉም ውስጥ አለች፤ በአንዱም አትታይም» ብለው አለቀሱ።

በአርባው ዋዜማ፣ «የተበላሹ» ብለው ከጻፉበት ሳጥን ውስጥ አንድ ፎቶግራፍ ወጣ። ወይዘሮ ዶንካ በሁለት እጃቸው የድልድዩን ብረት ይዘው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። በጀርባው የተጻፈው ቀን ከሞታቸው ስምንት ወር ይቀድማል። ያን ዕለት አቶ ስታመን ሰዓታቸውን ሲቆጥሩ ቆይተው ቀና ቢሉ ቆመው አገኟቸውና፣ በዓሣ አጥማጆቹ ፊት «አንቺ ሴትዮ፣ አምስት ደቂቃ መራመድ አቃተሽ?» ብለው ጮኹባቸው። ወይዘሮ ዶንካም «ይቅርታ ስታመን፣ ትንሽ ደክሞኝ ነው» አሉ፤ ፎቶግራፉ እንደገና ሲነሣም እንደ ልማዳቸው ተመላለሱ። ሕመማቸውን ግን ለማንም ሳይናገሩ ኖረው ነበር።

ከዚያ ወዲህ አቶ ስታመን ካሜራ አልነኩም። በሳንባ ሕመም ሁለት ዓመት ሲታከሙ ቆይተው፣ ባለፈው ሐሙስ በተወለዱ በ76 ዓመታቸው በልጃቸው እጅ ላይ ዐርፈዋል። ለእኔ ለታናሽ እህታቸው ለኢቫንካም፣ «ዜና ሕይወቴን ስታነቢ ይህን ነገር እንዳትዘይው። የተቆጣኋት በሰው ፊት ነው፤ ይቅርታውንም በሰው ፊት ጠይቂልኝ» ብለው አዝዘውኛልና፣ እነሆ በፊታችሁ ጠየቅሁ።

አቶ ስታመን አንዲት ሴት ልጅ፣ ሁለት የልጅ ልጆችና አንዲት እህት ትተው አልፈዋል። ከመቃብር ስንመለስ የተቀቀለውን ስንዴ ስትቀምሱ «እግዚአብሔር ይቅር ይበለው» ማለታችሁ አይቀርም፤ እባካችሁ፣ ዛሬ ቃሉን ለልማድ ብቻ አትናገሩት። ይቅር ሊሏቸው የሚችሉት ወይዘሮ ዶንካ ቀድመዋቸው ሄደዋል፤ አምላክ ወዳሉበት ያድርስልን፣ ነፍሳቸውንም በሰላም ያሳርፍልን። አሜን።