የባለ ወፍጮው ስድስት ልጆች

በዚያ ቅዳሜ ረፋድ መብራት ባይጠፋ ኖሮ ይህን ነገር አልሰማም ነበር። አንድ ማዳበሪያ በቆሎ ላስፈጭ ሰፈራችን ጫፍ ወዳለው ወፍጮ ቤት ገብቼ፣ ከፊቴ አንድ ሰው ብቻ ሲቀር ሞተሩ ትንፋሹ እየደከመ ሄዶ ቀጥ አለ። ወረፋ የያዙት ሴቶች ጆንያቸውን በአደራ ትተው “ሲመጣ ጥሩን” እያሉ ወጡ። እኔ ግን ቤቴ ሩቅ ስለሆነ እዚያው ቀረሁ።

ባለ ወፍጮውን ሰፈሩ “አባ ዱቄት” ይላቸዋል። ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሽበታቸው የቱ፣ ዱቄቱ የቱ እንደሆነ ግን የሚለይ የለም። በሚዛን የማይታሙ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ሲበዛም ተጠራጣሪ ናቸው። እኔን የሒሳብ አስተማሪ ስለሆንኩ “መምህር” እያሉ ያከብሩኛል።

ገና ወግ ሳንጀምር አንዲት ወጣት በሩ ላይ ቆማ “ቤቶች!” አለች። መታወቂያ አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች፣ ታብሌት ይዛለች፣ ጫማዋ አቧራ ጠጥቷል። ከስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት እንደመጣች፣ የአገሩ ሰው ኑሮ የት እንደደረሰ ለማወቅ የዳሰሳ ጥናት እንደሚካሄድ፣ ከወፍጮው ጀርባ ያለው የአባ ዱቄት መኖሪያ ቤትም በዕጣ እንደወጣ ነገረችን።

“በዕጣ?” አሉ አባ ዱቄት። “ዕድሜዬን ሙሉ ዕጣ ደርሶኝ አያውቅም። ዛሬ ሲደርሰኝ ጥያቄ ይድረሰኝ?”

ልጅቱ ሳቀች። “ግድ የለም አባባ፣ ብዙ አላስቸግርዎትም።”

“የጊዜው ነገር አይደለም ልጄ። ሥራስ መብራቱ አስፈትቶኛል። ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው። ዛሬ ስንት ክፍል፣ ስንት ልጅ ብለሽ ትሄጃለሽ፤ ነገ ግብር ጨምር የሚል ደብዳቤ ይመጣል።”

“የእርስዎ ስም ለማንም አይሰጥም። ሕግ ይከለክላል፣ እኔም ፈርሜበታለሁ። የሚወጣው የሁሉም ድምር ብቻ ነው።”

“ይሁን እሺ። ይህ ሰፈር ስምንት መቶ ቤት አለው። የምታንኳኪው ስንቱን ነው?”

“ሃያ አምስቱን።”

“በሃያ አምስት ቤት የስምንት መቶውን ኑሮ አወቅሁ ልትዪ? ይኼማ ውኃ ቅዳ ውኃ መልስ ነው!”

ልጅቱ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለ ጫፉ የሾለ ብረት እያየች “ያ ምንድን ነው አባባ?” አለች።

“እህል ስገዛ መፈተሻዬ ነው። ጆንያው ውስጥ ስሰካው ውስጡ ክፍት ስለሆነ እህል ይዞ ይወጣል።”

“መቶ ጆንያ ቢመጣልዎ መቶውንም ዘርግፈው ያያሉ?”

“አብጃለሁ? ስምንት ዘጠኙን ወግቼ አያለሁ።”

“የትኞቹን? ነጋዴው የሚያቀርብልዎትን?”

“እሱማ ጥሩ ጥሩውን ነው የሚያቀርብልኝ! እኔ ከላይም፣ ከታችም፣ ከመሐልም፣ እሱ ያላሰበውን ነው የምወጋው።”

“እኛም እንዲሁ ነን። የሰፈሩ ሹም ቤት ይምረጥልን ብንል ጥሩ ጥሩውን ያሳየናል። ዕጣ ግን የማንንም ፊት አያይም። ስለዚህ እርስዎ እምቢ ቢሉኝ እንኳ በፈቃዴ ጎረቤትዎን እንድተካ አይፈቀድልኝም። የእርስዎ ቦታ ባዶ ይቀራል።”

አባ ዱቄት ቆባቸውን ወደኋላ ገፋ አድርገው ወደ እኔ ዞሩ። “መምህር፣ ይህች ልጅ በራሴ ብረት ወጋችኝ እኮ!”

እኔም በልቤ አፈርኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ሒሳብ ሳስተምር ናሙና ማለት ምን እንደሆነ እንዲህ አቅልዬ አስረድቼ አላውቅም። የተማርን ሰዎች ብዙ ጊዜ የምናውቀውን ለማስረዳት የራሳችንን ቃል እንፈልጋለን እንጂ፣ አድማጫችን አስቀድሞ የሚያውቀውን ነገር አንፈልግም።

ጥያቄው ተጀመረ። የጣሪያው ነገር፣ የሽንት ቤቱ፣ የልጆቹ ትምህርት፤ አባ ዱቄት ለሁሉም ቀልድ እየጨመሩ መለሱ። “ውኃ ቀድቶ ለመመለስ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?” ስትላቸው “አሥር” አሉ፤ ወዲያው ግን አመነቱና ባለቤታቸውን ጠሩ። በዕድሜ ብዙ የሚያንሷቸው ዝምተኛ ሴት ናቸው፤ እጃቸውን በቀሚሳቸው እያደረቁ መጡ።

“አርባ፣” አሉ ሴትዮዋ። “ወረፋ ካለ ሰዓት ይሞላል።”

“አርባ?” አሉ ባልየው። “እኔኮ አሥር ይመስለኝ ነበር።”

“አንተ ቀድተህ ስለማታውቅ ነው።”

ሁላችንም ሳቅን። ልጅቱ አርባ ብላ ጻፈች። ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ “ስንት ልጆች ወልዳችኋል?” አለች።

“አራት፤ ተመስገን ነው፣” አሉ አባ ዱቄት።

“ስድስት፣” አሉ ባለቤታቸው። “የወለድኩት ስድስት ነው።”

ሳቃችን እዚያው ላይ ቀረ። አባ ዱቄት ፊታቸው ተለወጠ። “የሞተ ልጅ ይቆጠራል እንዴ? እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ በሕይወት ያሉትን እንኳ አትቁጠሩ ትለን ነበር። ልጄ፣ አክብሬ አስተናገድኩሽ፤ የሰው ቁስል መነካካት ግን ነውር ነው። ብትጽፊያቸው ይነሣሉ?”

ልጅቱ ታብሌቱን ጭኗ ላይ ደፋችው። “አይነሡም አባባ። ካልፈቀዱም አልጽፍም፤ መብትዎ ነው። ለምን እንደምጠይቅ ብቻ ልንገርዎት፤ ከዚያ እንደወደዱ። ትናንት ከወንዙ ማዶ አሥራ አንድ ቤት ገብቼ ነበር። ዘጠኙ አባቶች ‘የሞተብን የለም’ አሉኝ። እናቶቹን ለብቻ ስጠይቅ ሰባቱ አለቀሱ።”

እጇን በደፋችው ታብሌት ላይ አድርጋ ቀጠለች።

“የአባቶቹን ቃል ብቻ ይዤ ብመለስ፣ በወረቀት ላይ ልጅ የማይሞትበት አገር እንሆናለን። ልጅ ለማይሞትበት አገር ደግሞ አዋላጅና ክትባት ማን ይልካል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰሙም?”

“ታዲያ እኛ ካልነገርነው መንግሥት አያውቅም?”

“ከየት ይወቅ? ልጆቹን ሐኪም ቤት አድርሰዋቸው ነበር?”

“የመጀመሪያው ልጅ ስም እንኳ ሳይወጣለት በተወለደ በሦስተኛው ቀን ነው ያረፈው። ሁለተኛዋን ልጄን ተሸክሜ ወጥቼ ነበር።” በበሩ ወደ መንገዱ አመለከቱ። “ሐኪም ቤቱ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። አልደረስንም።”

“ካልደረሰች የሐኪም ቤቱ መዝገብ ላይ የለችም። የልደት ወረቀትስ ነበራት?”

“የለም።”

“እንግዲህ መወለዷንም መሞቷንም ከሁለታችሁ በቀር የያዘ ነገር የለም ማለት ነው።”

ሴትዮዋ አጠገባቸው የነበረው ጆንያ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። አባ ዱቄት ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አራገፉት። ከዚያም “ጻፊ፣” አሉ። “ስድስት በይ። የቀረውን እሷን ጠይቂያት፤ ቀኑን የምታውቀው እሷ ናት።”

እኔ ልወጣ ስነሣ ሴትዮዋ “ይቀመጡ መምህር፣ የሚደበቅ የለም” ብለው አስቀሩኝ። ሁለተኛዋ የሞተችው ልጃቸውን በሁለት ዓመቷ ተቅማጥ እንደያዛት፣ ለባላቸው የነገሯቸው በሦስተኛው ቀን እንደሆነ ተናገሩ። “የመኸር ሰሞን ነበር፤ ወፍጮው ሌት ተቀን ይሠራል። ላስቸግረው አልፈለግሁም። ይሻላታል ብዬ ነበር።” ሚስታቸው ለምን ዘግይተው እንደነገሯቸው አባ ዱቄት የሰሙት ገና በዚያ ቅዳሜ ነው። ልጃቸው ካረፈች ወዲህ ሰባት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረው አንዱ አልጠየቀም፣ ሌላዋም አልተናገረችም። እጃቸውን ዘርግተው የሚስታቸውን ትከሻ ያዙ።

ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ የጥናቱ መጽሐፍ ለትምህርት ቤታችን ደረሰ። ከዐሥር ዓመት በፊት ከሺህ ልጆች ሰማንያ ስምንቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ አሁን ሐምሳ ሦስት ሆነዋል። ከሐኪም ቤት በራቁት ሰፈሮች ግን ዛሬም ዘጠና አንድ ናቸው። አማካዩን ብቻ ብናይ ደስ ብሎን እንተኛ ነበር፤ እንቅልፍ የሚነሣን ሁለተኛው ቁጥር ነው። የወረዳው ጤና ቢሮ አዲስ አዋላጆችን የት እንደሚመድብ ሲወስን ይኸው ሰንጠረዥ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አንዷ ለእኛ ሰፈር ደረሰችን፤ የክትባት ጣቢያም በሩብ ሰዓት መንገድ ላይ ተከፈተ። የውኃው ቦኖ ገና ነው፤ የአርባ ደቂቃው ነገር ግን ተጽፎ ስላለ “አላወቅንም” የሚል ሹም ከእንግዲህ አይኖርም። አገር መሻሻሏን የሚያውቅላት ጭብጨባ ሳይሆን፣ ትናንትን ከዛሬ፣ የቀረበውንም ከራቀው የሚያስተያይ እውነተኛ ቁጥር ነው። እውነተኛ ቁጥር ደግሞ ከየቤቱ እውነተኛ ቃል ነው የሚወጣው። አንድ አባት ባፈረ ቁጥር፣ አንዲት እናት ዝም ባለች ቁጥር፣ ድምሩ ይዋሻል።

መጽሐፉን ይዤ ወፍጮ ቤት ሄድኩና በሞተሩ ጩኸት መሐል ገጹን ከፍቼ አሳየኋቸው። አባ ዱቄት ዱቄት የነካ ጣታቸውን ሰንጠረዡ ላይ አሳረፉ።

“የኔዎቹ አሉበት?”

“በስም የሉም ጋሼ። በቁጥሩ ውስጥ ግን አሉ።”

“ሁለቱም?”

“ሁለቱም።”

ሦስት ሴቶች ወረፋ ይዘው ሳለ ሞተሩን አጠፉት። “ኧረ ወዴት ነው አባ ዱቄት?” ብትላቸው አንዷ፣ መጽሐፉን ከእጄ ወስደው ወደ ጓሮው በር እየሄዱ “ለእናታቸው ላሳያት” አሏት።